ወፍጮና መጅ፦ ለነርስነት ትምህርት ስለሚወሰድ ብድር



በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው ማለዳ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ቢመለከት፥ ነጭ ጋዋናቸውን በክንዳቸው አጥፈው ለተግባር ልምምድ የሚጣደፉ ወጣቶችን ያያል። ሕሙማንን መንከባከብ ክቡር ሙያ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን ለሙያው የሚከፈለውን ገንዘብ፥ ይልቁንም ገንዘቡ በብድር ሲገኝ የሚያስከትለውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። «አባ፥ ልጄ ከነርስነት ሌላ አልማርም ብላለች። የሚያበድረኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ዋስ ግን ይፈልጋል» አሉን። የቁምስናው ማኅተም በውሉ ላይ እንዲያርፍ ይሹ ነበር። እኛም ቁምስናው ለግል ብድር ዋስ እንደማይሆን ነግረን፥ «እንጸልይበት» ብለን አሰናበትናቸው። ደንብ አልተላለፍንም፤ ዳሩ ግን ስንት ብር ነው፥ ወለዱ ምን ያህል ነው፥ መክፈል የሚጀመረው መቼ ነው ብለን አልጠየቅናቸውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ የወጪ መጋራትን ሥርዓት ዘርግቷል። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ዕዳውን ይከፍላል። ይህ ዕዳ ደመወዝን ይጠብቃል። ሆኖም የዩኒቨርሲቲው በር ለሁሉም አይከፈትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። ከቀሩት መካከል የነርስነትን ሙያ የሚሹ ብዙዎች ወደ ግል ኮሌጅ ያመራሉ፤ በዚያም የሚከፈለው ዛሬ፥ በየወሩ ነው። ወላጅ አስቀድሞ እቁቡን ያወጣል፥ ቀጥሎ ዘመድን ያስቸግራል፥ በመጨረሻ የአራጣ አበዳሪ ደጅ ይደርሳል።

እስቲ እናስላው። አንዲት እናት 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ብትበደር በየወሩ 2,000 ብር፥ በዓመት 24,000 ብር ትከፍላለች፤ ዋናው 20,000 ብር ግን ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ላይ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህም ለዚሁ ገንዘብ በዓመት 2,400 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ቢዋዋሉ እንኳ ተበዳሪው የሚገደደው 9 በመቶ ለመክፈል ብቻ ነው። አራጣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ፥ 20,000 ሰጥቶ 40,000 ተቀበልኩ አሰኝቶ ያስፈርማል። ያልተቀበሉትን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብሎ መፈረም ራስን በገዛ እጅ ማሰር ነው፤ በፍርድ ቤት ፊት ወረቀቱ ይናገራልና።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ዝም ያለችበት ዘመን የለም። እ.ኤ.አ. በ1745 ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 14ኛ «ቪክስ ፔርቬኒት» በተሰኘው መልእክታቸው ከብድሩ ብቻ ትርፍ መሻትን ኃጢአት ብለውታል፤ ከብድሩ ውጭ የሆነ ተገቢ ምክንያት ሲኖር ግን ተጨማሪ መጠየቅ እንደሚቻል አልካዱም። ከዚያም አስቀድሞ በ15ኛው መቶ ዓመት በጣልያን የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት ድኾችን ከአራጣ ለማዳን የብድር ቤቶችን ሲያቋቁሙ፥ ለሥራ ማስኬጃ ጥቂት ያስከፍሉ ስለነበር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1515 አምስተኛው የላተራን ጉባኤ አሠራሩን አጸደቀው። ስለዚህ የቁጠባና ብድር ማኅበር መጠነኛ ወለድ የሚጠይቅ ሁሉ አራጣ በላ ነው የሚሉ ወንድሞች ቢታረሙ መልካም ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ኦሪት ዘዳግም ማንም ወፍጮን ወይም መጅን በመያዣነት እንዳይወስድ ያዝዛል (ዘዳ. 24፡6)። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወፍጮዋ የተወሰደባት ሴት በምን ፈጭታ ትበላለች? ከምንስ ትከፍላለች? የነርሷ ወፍጮ ደግሞ የትምህርት ማስረጃዋ ነው፤ ያለ እርሱ የሙያ ፈቃድ አታወጣም፥ ሆስፒታልም አይቀጥራትም። ኮሌጅ ቀሪ ክፍያ አለብሽ ብሎ ማስረጃዋን ሲይዝ፥ ዕዳዋን የምትከፍልበትን መሣሪያ ይዞ ዕዳውን ይጠይቃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የወጪ መጋራቱ ተከፍሎ ሳያልቅ ዋናውን ዲግሪ አለመስጠቱ ይታወቃል፤ ጊዜያዊ ማስረጃ መስጠቱ ግን መጅን ወስዶ ወፍጮውን እንደ መተው ነውና ከፊል ምሕረት አለበት። ተቋማት ገንዘባቸውን መሰብሰብ እንዳለባቸው አንክድም። ቢሆንም ከምትቀጠርበት መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውሎ ከደመወዟ መቀበል ሲቻል ወረቀቱን መቆለፍ ለሁለቱም ጉዳት ነው እንላለን፤ የማይስማሙን እንዳሉ እናውቃለን።

ዋስ የሚሆን ሰው ሲራክ ምዕራፍ 29ን ያንብብ። ጠቢቡ ለባልንጀራ ዋስ መሆንን ያመሰግናል፤ ብዙዎችን እንዳጠፋም አይሸሽግም፤ እንደ አቅም እንጂ ከአቅም በላይ አይመክርም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፡28)። ለእኛ ወጣቶች ኪሳራው ክፍያው ብቻ አይደለም። የዲግሪ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በዚያ ዓመት ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ ሃያ አይሞሉም ነበር። በደረጃ የሚማረውም የብቃት ምዘና አለበት። ፈተናው ቢወድቅ ዕዳው አብሮ አይወድቅም። እንግዲህ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ኮሌጁ የታወቀ ፈቃድ እንዳለው፥ ካለፉት ተማሪዎቹ ስንቶቹ ፈተናውን እንዳለፉ ይጠይቅ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ማን መልስ መስጠት እንደሚከብደው ማየትም ራሱ ትምህርት ነው።

ስለዚያች እናት ላጠቃቸው ያህል፦ ልጃቸው ትምህርቷን ጨርሳለች። ብድሩ ከአራጣ አበዳሪ እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው። ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን ለመንነው፤ ሰውዬውም ከብዙ ክርክር በኋላ የቀረውን ዋና ገንዘብ ብቻ ለመቀበል ተስማማ። ወርኃዊ ክፍያው በየጊዜው ወደ እርሱ ሲሄድ ስለነበር ግን የኮሌጁ የመጨረሻ ወራት ሳይከፈል ቀርቷል። ይህን ስንጽፍ ልጅቷ በአንድ ሱቅ ሒሳብ ትቀበላለች፤ ማስረጃዋ በመዝገብ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የእናትየዋ እድር ቀሪውን በብድር ለመስጠት በመጪው ወር ስብሰባ ሊነጋገርበት ቀጠሮ ይዟል።