«እኔ» እና «እኛ» በንግድ ደብዳቤ

በሐረር ከተማ፥ ከጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ውጭ፥ ነጋዴው ከደንበኛው ጋራ በአማርኛ፥ በሐረሪኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይነጋገራል። በቃል የተነገረ ስሕተት ወዲያው ይታረማል፤ በደብዳቤ የሰፈረው ግን ዕዳ ያስከትላል።

በአማርኛ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ስለሚያመለክት «ሒሳቡን እከፍላለሁ» ማለት ይበቃል። «እኔ እከፍላለሁ» ያለ ሰው ከሌላው ተለይቶ ኀላፊነቱን ለብቻው ይቀበላል። «እኔም እከፍላለሁ» ቢል ግን ሌላ ከፋይ መኖሩን ያሳያል፤ ስለዚህ አንዲት «ም» ሙሉውን ዕዳ ወደ ድርሻ ትለውጣለች። በኦሮምኛ «አኒስ» ማለት «እኔም» ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ «እኔስ» ጥያቄ ነውና ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም።

«እኛ» ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሶማልኛ ሁለት «እኛ» አለው፤ «ኢናጉ» አድማጩን ይጨምራል፥ «አናጉ» ግን አይጨምርም። ከሩቅ አገርም የኮሪያ ሰዎች በትሕትና ሲናገሩ «ቾሂ» የሚሉት «እኛ» አድማጩን የማይጨምር ነው። የአማርኛው «እኛ» ግን ለሁለቱም ያገለግላል። እንግዲህ ከሐረር ወደ ጂጂጋ «የጭነቱን ኪራይ እንከፍላለን» ተብሎ ቢጻፍ፥ ላኪው «በጋራ» ማለቱ ሲሆን ተቀባዩ «ላኪው ብቻውን» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ በሚነሣበት ስፍራ «እኛ» የሚለውን ትቶ፥ «ላኪው ይከፍላል» ወይም «ላኪና ተቀባይ እኩል ይከፍላሉ» ብሎ መጻፍ ይገባል። ከክርክር በፊት አንድ ቃል መጨመር፥ ከክርክር በኋላ ዳኛ ፊት ከመቆም ይቀላል።