ከቢላዋ በፊት መድኃኒት፤ ስለ ኩላሊት ካንሰር አጭር ጥናት

አንድ የጎረቤታችን ሽማግሌ የኩላሊት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ ግን ሳይቀዳቸው መድኃኒት ሰጥቶ ስለ መለሳቸው፥ ልጆቻቸው «ተስፋ ቢቆርጥባቸው ነው» እያሉ አለቀሱ። እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ይህን ጥናት ጀመርሁ።

ካንሰሩ ከኩላሊት ሳይወጣ ከተገኘ ቢላዋ ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ከተዛመተ በኋላ ነው።

እባጭ ደም ካላገኘ አያድግም። በብዙው የኩላሊት ካንሰር ቪ ኤች ኤል የተባለው ጂን ስለሚበላሽ፥ ሴሉ ኦክሲጅን ሳያንሰው እንዳነሰው ሆኖ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ይጣራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በአሜሪካ የተፈቀደው ሱኒቲኒብ የተባለ እንክብል ጥሪውን የሚሰማውን ጆሮ ይደፍናል፤ (የባዮሎጂ መምህራችን ለዚህ አነጋገር ይቅር ይበሉኝ)።

በ2018 ካርሜና የተባለው የፈረንሳይ ሐኪሞች የመሩት ምርመራ ውጤት ወጣ። ሕመማቸው ከተዛመተ 450 ሰዎች አንዱ ወገን ኩላሊቱ ወጥቶ ሱኒቲኒብ ተሰጠው፤ ሁለተኛው መድኃኒቱን ብቻ ወሰደ። በፊተኛው ወገን እኩሌቶቹ ከ13.9 ወር በላይ ሲኖሩ፥ በሁለተኛው ከ18.4 ወር በላይ ኖሩ። ስለዚህ መቅደድን ማዘግየት ቸልተኝነት አይደለም።

በዚያው ዓመት የታወቀው ሱርታይም የተባለው ምርመራ ደግሞ ለጥናታችን ይበልጥ ይቀርባል። አስቀድመው የተቀደዱት 15.0 ወር፥ አስቀድመው መድኃኒት የወሰዱት 32.4 ወር ሆነላቸው። ሰዎቹ 99 ብቻ ስለ ነበሩ በቁጥሩ መፍረድ አይገባም። እኔን የገረመኝ ግን መድኃኒቱ እንደ ወንፊት መሆኑ ነው፤ እየወሰዱት ሕመሙ የሮጠባቸው ሰዎች ከማይጠቅማቸው ቀዶ ጥገና ተርፈዋል። በሽታው ጋብ ያለላቸው ግን ወደ ቢላዋው ቀረቡ።

ዛሬ የሰውነትን የራሱን ዘበኞች የሚያነቁ መድኃኒቶች መጥተው የሱኒቲኒብን ቀዳሚነት ወስደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል የሚከለክል መድኃኒት ቁስልም ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል። ስለዚህ የሱኒቲኒብ መመሪያ፥ በቀጠሮ ከሚደረግ ቀዶ ጥገና ቢያንስ 3 ሳምንት አስቀድሞ እንክብሉ እንዲቆም፥ ቁስሉም በሚገባ ሳይሽር እንዳይጀመር ያዝዛል።