ብልጭ ድርግም የማይል የኤል ኢ ዲ መብራት ለቤት ስለ መምረጥ

ስለ ቤት መብራትና ስለ ዓይን ጤና በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው የኩራዝ ጢስ ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ጢሱ ዓይንን ከማቃጠሉም በላይ ሳንባን ይጎዳል። ነገር ግን ከዲላ ጀምሮ፣ ቡናዋ በውጭ አገር ገበያ በስሟ እስከሚጠራው እስከ ሬኮ ድረስ፣ የመብራት መስመር በገባበት ቤት ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል የኩራዙንም የባለ ሽቦውንም አምፑል ቦታ እየያዘ ስለ ሄደ፣ ጢስ የሌለው መብራትም የራሱ ጉድለት ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ይኸውም የብርሃኑ መርገብገብ ነው።

አንድ መምህር በሬኮ ማታ ማታ የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል እንበል። በጌዴኦ አገር ብዙው ቤት በእንሰትና በቡና መካከል፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚሠራ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ውስጡ ይጨልማል፤ መብራቱም ቀደም ብሎ ይበራል። መምህሩ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሠራ ግንባሩን ይወጋዋል፤ መስመሩ እየተደባለቀበት ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያነባል። «መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም» ይላል። ምናልባት ያስፈልገው ይሆናል፤ ዓይኑን ለሐኪም ማሳየቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን አምፑልም አብሮ ሊመረምር ይገባዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ኃይል በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱም ምልልስ ሁለት ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ኃይሉ በሰኮንድ 100 ጊዜ ይቋረጣል ማለት ነው። የቀድሞው አምፑል ሽቦ በጣም የጋለ ስለ ነበረ፣ በዚያች ቅጽበት ሊቀዘቅዝ አይደርስም፤ ብርሃኑም ብዙ አይቀንስም ነበር። ኤል ኢ ዲ ግን በሙቀት የሚሠራ ስላልሆነ ኃይል ሲያገኝ ወዲያው ይበራል፣ ሲያጣም ወዲያው ይጠፋል። ይህ እንዳይሆን በአምፑሉ አንገት ውስጥ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልስ፣ ካፓሲተር በሚባል ማጠራቀሚያም የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ይደረጋል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ይህ ማጠራቀሚያ ትንሽ የተደረገበት ወይም ጨርሶ የተተወበት አምፑል በሰኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን ይህን ለይቶ አያይም፤ ነገር ግን አላየሁትም ማለት አልነካኝም ማለት አይደለም።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዊልኪንስና ባልደረቦቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን በሚርገበገብና በማይርገበገብ የፍሎረሰንት መብራት ሥር እያፈራረቁ ተመለከቱ፤ በማይርገበገበው ሥር የራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር አንድ ልክ አወጣ፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ብርሃን መካከል ያለው ልዩነት ለሁለቱ ድምር ሲካፈል፣ በሰኮንድ 100 ጊዜ ለሚርገበገብ መብራት ከመቶ 8 ባይበልጥ የሚያሰጋው ጥቂት ነው የሚል ነው።

በዓይን የሚታየው ቀርፋፋው መርገብገብ ከዚህ የከፋ ነው። በሰኮንድ ከ3 እስከ 70 ጊዜ ያህል የሚሆነው ብልጭታ፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ለብርሃን በሚሰጉት ጥቂቶቹ ላይ በሽታውን ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ባለበት ቤት የሚንጠባጠብ አምፑል አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም። ደግሞም የቡና መፈልፈያ ወይም ወፍጮ ያለው ሰው ልብ ይበል፤ በሚርገበገብ ብርሃን ሥር በፍጥነት የሚዞር መዘውር የቆመ ሊመስል ይችላል፤ በመከር ወራት ደግሞ መፈልፈያው በማታም ይሠራል፤ እጅም የሚቆረጠው እንዲሁ ነው።

አምፑል ሲገዛ ባለሱቁ ለኩሶ ማሳየቱ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንግዲህ በበራ ጊዜ «ይበራል» ብሎ ከፍሎ መሄድ ሳይሆን እርሳስ ወይም ስክሪብቶ ከብርሃኑ ሥር በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ጥላው ሳይቋረጥ ተዋሕዶ ቢታይ መልካም፤ ብዙ እርሳሶች ተራርቀው የተደረደሩ መስሎ ቢታይ ግን አምፑሉ ይርገበገባል። የፀሐይ ብርሃን ስለሚያሳስት ይህን ጨለም ባለ ስፍራ ማድረግ ይሻላል። የእጅ ስልክ ያለውም ሰው ካሜራውን ወደ አምፑሉ እጅግ አቅርቦ ቢመለከት፣ በመስተዋቱ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር ሰንበሮች የመርገብገብ ምልክት ናቸው። አንዳንድ ስልክ ግን ሰንበሩን ራሱ ስለሚያጠፋው፣ ሰንበር አለመታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ እንቅስቃሴን አዘግይቶ በሚቀርጸው ስልት መሞከር የበለጠ የታመነ ነው። እኔ ግን ከሁሉ እርሳሱን አስበልጣለሁ፤ ባትሪ አያልቅበትም።

በማሸጊያው ላይ «ብልጭ አይልም» ተብሎ ስለ ተጻፈ ብቻ ማመን አይገባም፤ ያለ ፈተና ማንም ሊጽፈው ይችላልና። ከዚህ ይልቅ የቮልቱ ጽሑፍ ይነበብ። ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል አምፑል፣ የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሣ ኃይሉ ቢወርድም ብርሃኑን ጠብቆ የመቆየት ዕድሉ ይበልጣል። ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ከመግዛት አንዱን ገዝቶ፣ ለንባብ ጠረጴዛው አድርጎ፣ ጥቂት ቀን ማየት ጥሩ ነው።

መስመር ያልደረሰበት ቤት ሰው በፀሐይ ኃይል ቢጠቀም፣ ከባትሪ የሚወጣው ኃይል ስለማይመላለስ ከዚህኛው መርገብገብ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ፋኖስ ብርሃኑ ሲቀነስ በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚያደክመው፣ እርሳሱን በዝቅተኛውም ብርሃን መሞከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ማብሪያው ከተዘጋ በኋላ በጨለማ ጭል ጭል የሚል አምፑል ቢታይ፣ ሁልጊዜ የአምፑሉ ጥፋት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ማብሪያው የተሠራው በሕያው ሽቦ ላይ ሳይሆን በኑትራሉ ላይ ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የአምፑሉ መያዣ ኃይል እንዳለበት ይቆያል፤ አምፑል የሚለውጥ ሰው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከቆጣሪው ማጥፋትና ሠራተኛ ጠርቶ ሽቦውን ማስለወጥ ግዴታ ነው።