በሐይቅ ዳር ሁለተኛ ቤት ስለ መግዛት፤ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በዚህ ሳምንት የምናቀርበው ትምህርት ላይ ላዩን ሲያዩት ከንግድ ሥራ ውጭ ይመስላል። ነገር ግን የነጋዴን ጥሪት በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ ጋዜጣ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብለን አምነናል። ይኸውም በሐይቅ ዳር ሁለተኛ መኖሪያ ቤት በአቅም ልክ ስለ ማግኘት ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ለተወለደ ሰው ይህ ምኞት ከየት እንደ መጣ ማስረዳት አያሻም። መሃል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው ባናና በርኖስ እንኳ ጉልበት የሚበላውን ብርድ አይመልሱም። ዕድሜው የገፋ ነጋዴ ልጆቹን አሳድጎ ሱቁን ለተተኪ ካስረከበ በኋላ በዓመት ጥቂት ሳምንት ሞቅ ባለ አየር ውሃ እያየ ለማረፍ ቢመኝ የሚነቀፍ አይደለም። በሁለት ስፍራ ቤት መያዝም ለደገኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገብሱን ደጋ ላይ ዘርቶ ለማሽላው ወደ ቆላ የሚወርድ ገበሬ በማሳው ዳር ጎጆ ይቀልሳል። ልዩነቱ የገበሬው የቆላ ጎጆ እህል የሚያስገባ ሲሆን የነጋዴው የሐይቅ ቤት ገንዘብ የሚያስወጣ መሆኑ ነው።

በእኛ ደጋ ለዚህ የሚሆን ሐይቅ የለም። ጀማና ወንጪትም በገደል ሥር የሚፈሱ ወንዞች ስለ ሆኑ ለዚህ ዐሳብ አይመቹም። ስለዚህ ፈላጊው ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ማየት አለበት። በሰሜን፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ የሐይቅ ከተማና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውሃ ይገኛል፤ አርዲቦም ከዚያ አይርቅም። በደቡብ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ማለት ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎችም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝዋይ፣ ላንጋኖና ሐዋሳ ይከተላሉ። ጣናም አለ፤ ነገር ግን ከመንዝ እየተነሣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው ዕረፍቱን በመኪና ላይ ይጨርሰዋል። መንገዱም እንደ መነሻው ይለያያል። የመንዝ ሰው በጣርማ በር ወጥቶ ወደ ደሴም ወደ ደብረ ብርሃንም መታጠፍ ሲችል፣ የዓለም ከተማ ሰው ግን በሙከ ጡሪ አድርጎ አዲስ አበባ ስለሚገባ ለእርሱ ቢሾፍቱ ይቀርበዋል።

ይሁን እንጂ በባቦጋያና በኩሪፍቱ ዳር ያለው ቦታ በአብዛኛው በሎጆችና በትልልቅ ቪላዎች ስለ ተያዘ ዋጋው ከመካከለኛ ነጋዴ አቅም በላይ ነው። ደላላው ብቅ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። «ከከተማው ክልል ወጣ ብሎ የገበሬ ቦታ አለ፤ ውሃው ከደጃፍ ነው፤ ዋጋውም የከተማውን ሩብ አይሞላም» ይላል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል፤ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።

የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ገበሬ መሬቱን የመሸጥ መብት የለውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብት አለው፤ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ለተወሰነ ዘመን ሊያከራይና ለቤተ ሰቡ ሊያወርስ ይችላል። ነገር ግን «ሸጫለሁ» ብሎ የሚፈርመው ወረቀት ሦስት ምስክር ቢቆምበትም፣ ሽማግሌ ቢመርቀውም በሕግ ፊት አይጸናም። ዋጋው ሩብ የሆነውም በሻጩ ለጋስነት አይደለም፤ ገዢው በገንዘቡ ያገኘው ሻጩ ቃሉን ይጠብቃል የሚል ተስፋ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

የምናውቃቸው አንድ የመንዝ ማማ ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ስሙን በማንጠቅሰው ሐይቅ ዳር ቦታ ገዙ። ገንዘቡ የብዙ ዓመት የበግና የምስር ትርፍ ነበረ። ሦስት ክፍል ቤት ሠሩ፤ ቆርቆሮ አለበሱ፤ ሎሚና ማንጎ ተከሉ። ሻጩም እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግ ጎረቤት ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ግን ልጆቻቸው «አባታችን የሚጠቀሙበት እንጂ የሚሸጡት መሬት አልነበራቸውም» ብለው ከሰሱ። ነጋዴው ወረቀታቸውን ይዘው ቢቀርቡም ውሉ ፈራሽ ሆነ። የከፈሉት ገንዘብ ይመለስላቸው ተብሎ ተፈረደ፤ ነገር ግን በተከፈለበት ጊዜ መቶ በግ ይገዛ የነበረው ብር በተመለሰበት ጊዜ አርባ በግ የማይገዛ ሆነ። ልጆቹን አታላዮች ብሎ መስደብ ይቀላል፤ የተናገሩት ግን እውነት ነበረ፤ ነጋዴውም ታሪኩን ሲያጫውቱን ይህን አልካዱም።

በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ስለ ሁለተኛ ቤት ሲነሣ ሌላ ፍርሃት እንዳላቸው እናውቃለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልተፈቀደም። በዚያን ጊዜ በቢሾፍቱም በሌላም ስፍራ የማረፊያ ቤት የነበራቸው ሰዎች አጡት፤ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፈ። ዛሬ ሁለተኛ ቤት መያዝ የተከለከለ አይደለም። ክልከላው ያለው ከላይ እንደ ተገለጸው በመሬቱ ሽያጭ ላይ ነው።

እንግዲህ ለገዢ የሚበጀው በከተማ ክልል ውስጥ ካርታ ያለው ቤት መፈለግ ነው፤ ከውሃው ሁለት ሦስት መንገድ ቢርቅም አይቆጨው። ከውሃው ዳር ጥቂት በእግር የሚያስኬድ ቤት በአቅም ልክ ሊገኝ ይችላል፤ ሐይቁንም ለማየት ደጅ ላይ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። በዚህ ጊዜ ሊጣሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል መመዝገብ አለበት። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን ውክልናውን ከመዘገበው ክፍል ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙን፣ ከፍርድ ቤትም እግድ አለመኖሩን፣ በከተማው ፕላንም ለመንገድ ወይም ለሐይቁ ጥበቃ አለመከለሉን ከማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የቃል መልስ አይበቃም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ወጪም አለ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ሻጩ ለዓመታት ጥቂት ብር ግብር ሲከፍልበት የኖረው ቦታ በገዢው እጅ የሊዝ ክፍያ ሊጫንበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት በዚያ ከተማ በዚያ ቀን የሚሠራበትን ተመን ጠይቆ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባ።

ከሕጉ ቀጥሎ ውሃው ራሱ ይመርመር፤ ሐይቅ እንደ ተራራ በአንድ ስፍራ የሚኖር ነገር አይደለምና። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ በየብስ በእግር ይገባበታል። የሐረማያ ሐይቅ፣ የሐረር ከተማ ውሃ ትጠጣበት የነበረው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ዋለበት፤ ውሃው ጥቂት በጥቂት መመለስ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው ባለፉት 60 ዓመታት ገደማ ከ10 እጥፍ በላይ ሰፍቶ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስቸግሯል። በሐረማያ ዳር የገዛ ሰው ውሃው ጥሎት ሄደ፤ በበሰቃ ዳር የገዛው ደግሞ ውሃው ከቤቱ ገባበት። ስለዚህ ገዢ ቦታውን ሁለት ጊዜ ይየው፤ አንድ ጊዜ በመስከረም ውሃው ሲሞላ፣ አንድ ጊዜ በግንቦት ሲጎድል። ዓሣ አጥማጆችንና ሽማግሌዎችን ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደ ነበረ ይጠይቅ። ደላላ የሚያሳየው ሁልጊዜ በመስከረም ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር እንበል። ደገኛ ወባ አያውቅም፤ ሲይዘውም ከቆለኛው ይልቅ ይበረታበታል። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች፣ እስከ 2000 ሜትር ከፍታና ከዚያም በላይ፣ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150000 ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ከጠቀስናቸው ሐይቆች አብዛኞቹ ከ2000 ሜትር በታች ናቸው። በመስኮት ላይ ወንፊት፣ በአልጋ ላይ አጎበር ማድረግ ርካሽ ነው፤ ሳያደርጉ መግዛት ግን ሞኝነት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ነጋዴ በ2000000 ብር ቤት ገዛ እንበል። ይህ ገንዘብ በባንክ ቢቀመጥ በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 140000 ብር ያስገባለት ነበር። ለዘበኛ በወር 4000 ብር ሲከፍል በዓመት 48000 ይሆናል፤ ለጥገናና ለግብር 30000 ይጨመር። ድምሩ 218000 ብር ነው። ነጋዴው በዓመት 24 ሌሊት ቢያድርበት አንዱ ሌሊት ከ9000 ብር በላይ ፈጀበት። በዚያው ከተማ በ3000 ብር ንጹሕ ክፍል ቢከራይ ለ24 ሌሊት የሚከፍለው 72000 ብር ብቻ ነበር። ቤቱ ከኪራይ የሚሻለው በዓመት ከ73 ሌሊት ያላነሰ ካደረበት ነው፤ ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል? በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ አይተናል፤ በእንዲህ ያለ ዓመት 24ቱም ሌሊት አይገኝም፤ የዘበኛው ደመወዝ ግን አይቆምም። «ቤት ዋጋው ይጨምራል» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ብር ሲረክስ ቤት ይወደዳል። ይህ ግን የሚሠራው ካርታ ላለውና በሕግ ሊሸጥ ለሚችል ቤት ነው።

በእኛ አስተያየት ለመካከለኛ ነጋዴ የሚስማማው መንገድ አገራችን አስቀድሞ የምታውቀው ነው፤ ይኸውም ማኅበር። አምስት የሚተማመኑ ነጋዴዎች ያንኑ ቤት በጋራ ቢገዙና እያንዳንዳቸው 24 ሌሊት ቢያድሩበት 218000 ብሩ ለ120 ሌሊት ይካፈላል፤ አንዱ ሌሊት 1817 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። የእያንዳንዱ መዋጮም 400000 ብር ይሆናል። ነገር ግን የማኅበሩ ፍቅር የውሉን ቦታ አይተካም። የአምስቱም ስም በካርታው ላይ ይጻፍ፤ በአንዱ ስም ተገዝቶ አራቱ «ወንድማችን ነው» ብለው ከተቀመጡ ያ ወንድም በሞተ ቀን ከልጆቹ ጋር ፍርድ ቤት መቆማቸው ነው። አንዱ ድርሻውን መሸጥ ቢፈልግ የቀሩት ቅድሚያ እንዲኖራቸው፣ ዋጋውም በምን እንደሚገመት፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን በውሉ ይገለጽ።

ከሁሉ የሚያጣላው ግን ይህ አይደለም። አምስቱም የሚፈልጉት ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ነው፤ በሰኔ ማንም አይመጣም። ስለዚህ ቀኖቹ በየዓመቱ በመስከረም በዕጣ ይደልደሉ፤ ዘንድሮ ፋሲካ የወጣለት ከርሞ በፋሲካው ዕጣ አይግባ። ቤቱን ከመግዛታቸውም በፊት አምስቱ ቤተ ሰቦች በዚያው ከተማ አንድ ዓመት ቤት ተከራይተው በዚህ ድልድል ይሞክሩት።