ብሩህ አእምሮ ያላቸውን ልጆች ለይቶ ስለ ማስተማር

የልጆች አእምሮ ሁሉ እኩል አይራመድም። አንዱ በወር የሚማረውን ሌላው በሳምንት ይጨርሰዋል፤ የሚሠራውም ሲያጣ ይሰለቻል፥ ወይም ይረብሻል፥ ወይም ትምህርቱን ይተዋል። ይህን የመሰለውን ልጅ ለይቶ ማወቅና እንደ ችሎታው ማስተማር የመምህራን ግዴታ ነው። ነገር ግን ልጁን ለመለየት የመምህሩ ግምት ብቻ ይበቃ ይሆንን?

ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር፥ በፍሎሪዳ ግዛት፥ በብራዋርድ አውራጃ የሆነው ነገር ጥሩ መልስ ይሰጣል። በዚያ አውራጃ ለብሩሃን ወደተዘጋጀው ልዩ ትምህርት የሚገባው፥ በአእምሮ ፈተና 130 ነጥብ ያገኘ ልጅ ነበር፤ የመካከለኛ ልጅ ነጥብ 100 ነው። ለድኾች ልጆችና እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ግን ከ130 ያነሰ ነጥብ ይበቃቸው ነበር።

ሕጉ ይህን ያህል ለድኻ ቢያደላም የሚገቡት ድኾች ጥቂቶች ነበሩ። ምክንያቱም ወደ ፈታኙ የሚላከው መምህሩ ወይም ወላጁ ያመለከተለት ልጅ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ከአውራጃው ተማሮች ከእኩሌታ የሚበልጡት ጥቍሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሲሆኑ፥ በ3ኛ ክፍል ከተመረጡት ብሩሃን መካከል ከመቶ 28ቱ ብቻ ከእነርሱ ወገን ነበሩ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓመተ ምሕረት የአውራጃው ሹማምንት ሥርዐቱን ለወጡ። የ2ኛ ክፍል ልጆች ሁሉ፥ አንድም ሳይቀር፥ የቋንቋ ዕውቀት የማይጠይቅ አጭር ፈተና እንዲፈተኑ አዘዙ። ከፍ ያለ ውጤት ያገኙትም ወደ ሥነ ልቡና ዐዋቂ እየተላኩ በሙሉ ይመረመሩ ጀመር። የመግቢያው ነጥብ ሳይቀነስ የተመረጡት ድኾች ቍጥር እጅግ በዛ። በ2010 ግን ገንዘብ ስላጠረ ፈተናው ተቋረጠ፤ የቀድሞውም ልዩነት ተመለሰ።

ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን መርምረው በ2016 ጽሑፍ አወጡ። በቀድሞው ሥርዐት ሳይታዩ ይቀሩ የነበሩት የድኾች ልጆች፥ ጥቍሮች፥ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች፥ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩና ሴቶች ልጆች መሆናቸውን ገለጡ። እነዚህ ልጆች ቀድሞም ብሩሃን ነበሩ፤ የጐደለው የሚያያቸው ዓይን ነበር።

መምረጥም ብቻውን አይበቃም። በዚያው አውራጃ፥ በ4ኛና በ5ኛ ክፍል አንድ ብሩህ ልጅ እንኳ ያለበት ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ይከፍት ነበር፤ የተረፈውንም ቦታ ባለፈው ዓመት ፈተና ብልጫ ላገኙ ልጆች ይሰጥ ነበር። በብልጫ ከገቡት መካከል ጥቍሮቹና የላቲን አሜሪካ ተወላጆቹ በንባብና በሒሳብ እጅግ ገፉ፤ በሌላው ክፍል የቀሩትም ልጆች አልተጐዱም።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ለገጠር መምህርም ይጠቅማል። መምህሩ እጁን ቀድሞ የሚያነሣውን ልጅ ብቻ ከማየት ይልቅ፥ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አንድ ዐይነት ጥያቄ በየጊዜው ይስጥ፤ ውጤቱንም በመዝገብ ይጻፍ። ዝም ብላ የምትቀመጠውን ልጅ፥ ከብት አሰማርቶ አርፍዶ የሚመጣውንም ልጅ አይርሳ። ሥራውን ፈጥኖ ለጨረሰው ከበድ ያለ ሥራ ይጨምርለት። የአገር ሽማግሌዎችም የድኻው ልጅና ሴት ልጅ ከትምህርት እንዳይቀሩ ወላጆቻቸውን ይምከሩ። ሳይፈተን ሰነፍ ነው ተብሎ በልጅ ላይ መፍረድ አይገባም።