ሕፃናትን ስለሚይዘው የጆሮ መምገል

ሕፃን ጆሮውን ታሞ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ በኋላ፣ ሲነጋ ትራሱ ላይ መግል ይታያል፤ ልጁም ዝም ብሎ ይተኛል። በዚህ ጊዜ አያሌ ወላጆች «ፈነዳ፤ እንግዲህ ዳነ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ዳሩ ግን ሕመሙ ጋብ ያለው በሽታው ስለ ለቀቀ ሳይሆን፣ በውስጥ የተጠራቀመው መግል የጆሮውን ታምቡር ቀድዶ መውጫ ስላገኘ ነው።

መግሉ የሚጠራቀመው ከታምቡሩ በስተጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ እርስዋም መካከለኛው ጆሮ ትባላለች። ከዚህች ክፍል ወደ ላይኛው ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በዐዋቂ ሰው ረጅምና ዘቅዛቃ ነው፤ በሕፃን ግን አጭርና ወደ አግድም ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ጉንፋን በያዘው ጊዜ ቶሎ ይደፈናል፤ ጀርሞችም ወደ ጆሮ ለመሻገር ይቀላቸዋል። ስለዚህ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ የሚመጣ ነው እንጂ፣ በልማድ እንደሚባለው ገላ ሲታጠብ ከገባ ውሃ የሚነሣ አይደለም።

መናገር ያልጀመረ ልጅ ሕመሙን የሚያስታውቀው በትኩሳት፣ ጆሮውን በመጎተትና ጡት አልጠባም በማለት ነው። ይህን ያየች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ይገባል። የታዘዘውም መድኃኒት፣ ሕመሙ ቢተወው እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ይሰጠው። የሚመግለውን ጆሮ በቀን 3 ጊዜ፣ ንጹሕና እርጥበት የሚመጥ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠቅልሎ ማድረቅ ነው፤ ጨርቁ በራሰ ቁጥር ጆሮው እስኪደርቅ ድረስ በሌላ ይለወጣል። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የጡት ወተት ማፍሰስ ግን፣ በታሰበው ደግነት ፈንታ፣ በተቀደደው ታምቡር በኩል ቆሻሻ ማስገባት ይሆናል። ከጆሮው በስተኋላ እብጠት ከታየ፣ ሳያሳድሩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት፣ ይህንም በሽታ ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱን ይከላከላል።

መግሉ 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከፈሰሰ በሽታው ሥር ሰድዷል ማለት ነው፤ ልጁም የመስማት ኀይሉ ሊደክም ይችላል። መምህራንን የሚመለከተው ይህ ነው። ሲጠሩት የማይመልሰውና በቃለ ጽሕፈት ጊዜ የጎረቤቱን ደብተር የሚመለከተው ልጅ፣ ሰነፍ ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት፣ መምህሩ ከበስተኋላው ጥቂት እርምጃ ርቆ ስሙን በዝግታ ይጥራው። ዞር ካላለ፣ ለወላጆቹ ነግሮ እንዲመረመር ያድርግ፤ እስከዚያውም ደኅና የሚሰማበት ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲሆን አድርጎ ከፊት ወንበር ያስቀምጠው።