ኦፕሬተር በኳንተም መስክ ትምህርት ውስጥ ምን ይሠራል?

የፊዚክስ ተማሪዎች ጓደኞቻችን «ኦፕሬተር» የሚለውን ቃል ዘወትር ሲያነሡ እንሰማለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን ነገሩ የቀመር ብቻ እየመሰለን እናልፈዋለን። ይህ ልማድ የሚጎዳው ራሳችንን ነው። ስለ ብርሃንና ስለ ቁስ አካል ዛሬ ያለው ጥልቅ ዕውቀት በዚህ ቃል ላይ ቆሞ ሳለ፥ በአማርኛ ሊነገር አይችልም ብለን ከተውነው፥ ቋንቋችን ለዕለት ኑሮ እንጂ ለምርምር አይበቃም ብለን እንደ ፈረድንበት ይቈጠራል። ስለዚህ የኦፕሬተርን ሥራ ከሰዋስውና ከተራ ቈጠራ ተነሥተን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፥ ኦፕሬተር የሥራ ደንብ ነው እንጂ ዕቃ ወይም መሣሪያ አይደለም። በሰዋስው ብንመስለው ግሥን ይመስላል። የኳንተም ትምህርት አንድን ነገር «ሁናቴ» በሚባል መግለጫ ያስቀምጠዋል፤ ኦፕሬተር ያንን ሁናቴ ተቀብሎ ሌላ ሁናቴ ያወጣል። እንደ ኢነርጂ ያለ የሚለካ ነገር የራሱ ኦፕሬተር አለው። ይህ ኦፕሬተር ሲሠራበት ሁናቴው ሳይለወጥ በቍጥር ብቻ ተባዝቶ የተመለሰ እንደ ሆነ፥ ያ ቍጥር በመለኪያ የሚነበበው ውጤት ነው።

ሁለተኛ፥ ኦፕሬተሮች ተራ አላቸው። ገብስ ተቈልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል፤ ተፈጭቶ ቢቈላ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራዎቹ ያው መቍላትና መፍጨት ሲሆኑ፥ ቅደም ተከተላቸው ውጤቱን ለወጠው። በተራ ቍጥሮች 2 ጊዜ 3 እና 3 ጊዜ 2 እኩል ናቸው፤ በኦፕሬተሮች ዘንድ ግን እንዲህ ያለው እኩልነት ሁልጊዜ አይገኝም።

አሁን ወደ መስክ እንምጣ። መስክ ማለት በያንዳንዱ ሥፍራ የተመደበ መጠን ነው። ከላሊበላ ከተማ እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በየቦታው ያለውን ሙቀት በካርታ ላይ ብንጽፍ የሙቀት መስክ ይሆናል፤ በየቦታው አንድ ቍጥር ይገኛል። በኳንተም መስክ ግን በቍጥሩ ፋንታ በየሥፍራውና በየጊዜው ኦፕሬተር ይቆማል። በ1925 እና በ1926 በተጀመረው የኳንተም ትምህርት ሥፍራ ራሱ ኦፕሬተር ነበር፤ በመስክ ትምህርት ግን ሥፍራ አድራሻ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ለውጥ ለምን አስፈለገ? የቀድሞው ትምህርት በተለይ ያገለገለው ቍጥራቸው ለማይለወጥ ቅንጣቶች ነበር። ብርሃን ግን መብራት ሲበራ ይወጣል፥ ጥቁር ግድግዳ ሲነካ ይጠፋል። ቍጥሩ ለሚለዋወጥ ነገር የመጨመርና የመቀነስ ደንብ ያሻል። ፖል ዲራክ በ1927 ስለ ብርሃን መውጣትና መዋጥ ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ደንብ ሠራበት። የውጭ አገር መጻሕፍት አንዱን ኦፕሬተር «ፈጣሪ»፥ ሌላውን «አጥፊ» በሚል ትርጕም ይጠሩአቸዋል። እኛ ግን «ጨማሪ» እና «ቀናሽ» ብንላቸው እንመርጣለን። «ፈጣሪ» በቋንቋችን የማን ስም እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ከዚያም በላይ የኦፕሬተሮቹን ሥራ በትክክል የሚነግረን መጨመርና መቀነስ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ከላሊበላ ከተማ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፥ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ በተፈለፈሉ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል አድርገው ይቀበሉታል። ከእነዚህ ገንዳዎች አንዱን፥ አንድ ዓይነት ቀለምና አቅጣጫ ላለው ብርሃን ምሳሌ እናድርገው፤ ጠብታዎቹም የብርሃን ቅንጣቶች፥ ማለት ፎቶኖች ይሁኑ። በገንዳው 3 ጠብታ ቢኖር፥ አንድ ጨምሮ አንድ መቀነስም ሆነ አንድ ቀንሶ አንድ መጨመር ወደ 3 ይመልሰናል። በውሃ ዘንድ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

በፎቶን ዘንድ ግን አያበቃም። ጨማሪው ሁናቴውን በአዲሱ ቍጥር ስኩዌር ሩት፥ ቀናሹ ደግሞ በቀድሞው ቍጥር ስኩዌር ሩት ያባዛዋል። ከ3 ተነሥተን አስቀድመን ብንጨምር፥ የ4 ስኩዌር ሩት ይኸውም 2 ይወጣል፤ ከ4 ስንቀንስም እንደገና 2፤ ብዜቱ 4 ነው። አስቀድመን ብንቀንስ የ3 ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ብዜቱ 3 ነው። ልዩነቱ 1 ነው። ከ3 ፋንታ ሌላ ቍጥር ብንወስድም ልዩነቱ ያው 1 ነው። ከባዶ ብንነሣ፥ መቀነስን ማስቀደም ዜሮ ይሰጣል፤ መጨመርን ማስቀደም 1 ይሰጣል።

ይህች አንድ ትንሽ አይደለችም። አቶም ብርሃንን የመዋጡ ዕድል በአካባቢው ባሉት ፎቶኖች ቍጥር ልክ ነው፤ ብርሃንን የማውጣቱ ዕድል ግን በዚያው ቍጥር ላይ 1 ተጨምሮ ነው። ስለዚህ አንድም ፎቶን በሌለበት ጨለማ፥ ኢነርጂ የተቀበለ አቶም ብርሃን ሊያወጣ ይችላል። በረዥሙ ነጭ የመብራት ቱቦ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ እንፋሎት የሚያበራው በዚሁ መንገድ ነው።

ለኤሌክትሮን ደንቡ ሌላ ነው። ፓስኳል ዮርዳንና ዩጂን ዊግነር በ1928 እንዳሳዩት፥ 1 የሚሆነው የሁለቱ ተራዎች ልዩነት ሳይሆን ድምራቸው ነው፤ በአንድ ሁናቴ ላይ ሁለት ጊዜ መጨመርም ዜሮ ይሰጣል። ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ሁናቴ አይቀመጡምና።

እንግዲህ የመስክ ኦፕሬተር የሚባለው የጨማሪዎችና የቀናሾች ድምር ነው፤ እያንዳንዳቸውም እንደ ሥፍራው በተወሰነ ሚዛን ይገቡበታል። ጨማሪው ብቻውን ወይም ቀናሹ ብቻውን በመሣሪያ የሚነበብ መጠን አይደለም፤ ሲቀናጁ ግን የፎቶኖችን ቍጥር፥ ኢነርጂንና የኤሌክትሪክ መስክን ይሰጣሉ።

ትምህርቱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ፍሥሐ ካሣሁን በ2008 ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ መሠረቶች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። በጥናቶቻቸውም ከባዶው የሚመጣውን ሁከት የሚወክሉትን ኦፕሬተሮች ጨማሪው በግራ፥ ቀናሹ በቀኝ በሚቆምበት ተራ አድርገው ያሰላሉ። ሥራው ከቀኝ ስለሚጀምር ቀናሹ ይቀድማል፤ ባዶውም ዜሮ ይሰጣል። የዱሮውን ቀመር ወደ ኳንተም የሚመልስ ሰው የትኛውን ተራ እንደሚይዝ መወሰን አለበት፤ ስለ ባዶው የሚናገረው ነገር በዚያ ይወሰናልና።

አንባቢ ሆይ፥ ከ3 ፋንታ 5 ይዘህ ስሌቱን በወረቀት ላይ ሞክረው፤ 6 እና 5 ታገኛለህ። የፊዚክስ ጓደኞቻችንም «ጨማሪ» እና «ቀናሽ» ከሚሉት የተሻለ ስም ቢኖራቸው ያቅርቡልን። ቃል የሚጠራው በሚሠሩበት ሰዎች አፍ ነው፤ ካልሠራንበት ግን ስም ማውጣቱ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም።